እጄ የሚያውቀው

ሥራዬ ሴቶችን መፈተሽ ነው። ከቀበና ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ የገበያ ሕንፃ በር ላይ እቆማለሁ። ወንዶች በቀኝ በኩል ይገባሉ፣ ሴቶች በግራ፣ በእኔ በኩል። ቦርሳቸውን አይቼ፣ ሰውነታቸውን ዳብሼ፣ "ይለፉ" እላለሁ። ሰው ፈታሽ ሲባል ደፋር ይመስለዋል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ፊት ቀና ብዬ ማየት የምፈራ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ስቀመጥ እናቴ "ይቺ ልጅ በምን አፏ ሥራ ልትጠይቅ ነው?" ትል ነበር።

አልጠየቅሁም። ከእኔ በፊት በበሩ ላይ የነበረችው ሴትዮ ሆዷ ሲገፋ፣ ጎረቤታችን ስለሆነች በምትኳ ወሰደችኝ። ሦስት ቀን አስተማረችኝ። "ዓይንሽን መሬት ላይ አድርጊ፣ እጅሽን ግን አታሰንፊ። ብብት፣ ጡት ሥር፣ ወገብ ዙሪያ። ያገኘሽው ነገር የማይገድል ከሆነ ያንቺ አይደለም፣ እዚያው ተዪው" አለችኝ።

ዓይንን መሬት ማድረግ ለእኔ ትምህርት አልነበረም። ሴቶቹም ወደዱልኝ። እጄ ብዙ ነገር ያውቃል። ለእናቷ ሳትነግር ያረገዘችውን ያውቃል። ዳሌዋን በጨርቅ የሞላችውን፣ ክታብ ያሰረችውን፣ ለምሳ ደረቅ ዳቦ ብቻ ይዛ ሱፍ ኮት የለበሰችውን ያውቃል። ማታ ቤት ስገባ እናቴ "ዛሬ ምን አየሽ?" ስትለኝ "ምንም" እላታለሁ። ውሸትም አልነበረም። ያየው እጄ ነው።

በዚያ ሰሞን ከተማው ፈርቶ ነበር። ሌላ ቦታ ፈነዳ ስለተባለ ነገር ሰው ሁሉ ያወራል፣ በስልክ "ነገ ሰው የበዛበት ቦታ አትሂዱ" የሚል መልእክት ይዞራል። ከእኛ በታች ባለው የታክሲ ማቆሚያ ላይ ባለቤት የሌለው ሻንጣ ተገኝቶ መንገዱ ግማሽ ቀን ተዘጋ። ውስጡ የልብስ ክምር ነበር፣ አንድ መንገደኛ ረስቶት። ግን እስኪከፈት ድረስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። በፈራው ሰው አልቀለድኩም። ፈንጂ ተደብቆ ቢመጣ መጀመሪያ የሚነካው የእኔ እጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ ጉያ ካለው ቤታችን ስወርድ፣ እግሬ በባሕር ዛፉ መሐል እየተራመደ ልቤ ወደ ኋላ ይቀር ነበር።

የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አዲስ ትእዛዝ አወጣ። ከበሩ ውጭ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ቦርሳ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይገለበጣል። ፈሳሽ የያዘ ሰው በፊታችን ይቀምሳል። የሚገባ ሰው ሁሉ ትልቅ መዝገብ ላይ ስሙንና ስልኩን ይጽፋል፣ አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ደግሞ እኔ ከስሙ አጠገብ እጽፋለሁ። መዝገቡ ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ፣ ብዕሩ በሲባጎ ታስሮበት ይውላል። ስሟን የምትጽፍ ሴት ከስሟ በላይ የተጻፈውን ሁሉ ታነባለች። ያን ጊዜ ይኼ አልታየኝም። እንዲያውም የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሰፈር ጸጥታ ጠባቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲፈትሹ የእኛም ቤት መጡ። ክፉዎች አልነበሩም፣ ጫማቸውን እንኳ በር ላይ አራግፈው ነው የገቡት። አንዱ ግን ከፍራሼ ሥር ደብተሬን አገኘ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የምሞነጫጭርበት ደብተር ነው። ገለጥ አደረገና አንድ መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። እናቴ ሰማች፣ በር ላይ የቆሙት ጎረቤቶችም ሰሙ። "ገጣሚ ናት!" ብሎ ሳቀ፣ መልሶም በትሕትና ሰጠኝ። ምንም አልወሰደብኝም። ግን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ደብተሬ ላይ አንዲት ቃል መጻፍ አቃተኝ። ፈታሽ ሆኜ መፈተሽ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው ማለት እችላለሁ። ቢሆንም ከሁለት ቀን በኋላ እኔው ራሴ ያንኑ ሠራሁ።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። በሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ካለ የልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ሐሙስ ሐሙስ በሻሽ የተጠቀለለ ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ በቦርሳዋ ትይዛለች። ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ማለዳ ስወርድ ከእንጦጦ ማርያም በኩል ጠጉሯ በሻሿ ሥር እንደረጠበ ስትመጣ አገኛታለሁ። ጠበል ነው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደሆነችም አውቃለሁ፣ ምክንያቱም የስፌት ቤቱ ባለቤት የምትቀጥረው ከራሷ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አውቄ ዝም ብዬ አሳልፋት ነበር።

ያን ዕለት የጥበቃው አለቃ ከጎኔ ቆሟል። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ ሁላችንም አሥር አለቃ እንለዋለን። ቦርሳዋን ገለበጥኩት። ጠርሙሱ ተንከባለለ።

"ይኼ ምንድነው?" አላት።

"ውሃ ነው።"

"ቅመሺው።"

"አልጠማኝም።"

"መች ጠጪ አልኩሽ? ቅመሺው ነው ያልኩት።"

ከኋላ አንዷ "ኧረ እህቴ ቀምሰሽ አሳልፊን፣ ሽንኩርቱ ሊያልቅ ነው!" አለች። ሌላዋ "ካልጠማሽ ወዲህ በይው፣ እኔ ከሾላ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት!" ስትል ሰልፉ ሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም፣ አልቀመሰችም። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ቁርስ በልታ ነበር። ጴንጤ ብትሆንም ያደገችው እዚሁ እንጦጦ ሥር ነው፣ ከበሉ በኋላ ጠበል መቅመስ አይሆንላትም። ጠበል መሆኑን ቢያውቅ አሥር አለቃው ራሱ ቅመሺ አይላትም ነበር። እሷም ልትናገር አልቻለችም፣ ከኋላዋ ከቤተ ክርስቲያኗ ማን እንዳለ አታውቅም። ሁለቱ ተፋጠጡ። መሐላቸው የቆምኩት እኔ ሁለቱንም የማውቅ ነኝ። አፌ ግን ተያዘ።

ሳቁ ጠፋ። አንዷ "እምቢ ያለችው ለምንድነው?" አለች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ "አሲድ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ሰው ተተራመሰ። አንዲት አሮጊት ተገፍተው ደረጃው ላይ ወደቁ፣ የእጃቸው አንጓ ወዲያው አበጠ። አሥር አለቃው ዱላውን ጨበጠ።

"ጠበል ነው!" አለች ሴትዮዋ። "ለልጄ ነው! ቁርስ በልቼ ነው እምቢ ያልኩት፣ ጠበል ነው!"

አሥር አለቃው ቆቡን አነሳ፣ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ግን፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ወደ እኔ ዞሮ "ጻፊው" አለ።

"ማሎ" አለችኝ በሹክሹክታ። በኦሮምኛ እባክሽ ማለት ነው፣ እናቴ ሲጨንቃት የምትለው ቃል ነው። ሰማኋት። ሰምቼም ከስሟ አጠገብ ባማረው ጽሑፌ "ጠበል፣ ለልጅ፣ አልቀምስም ያለች" ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ የስፌት ቤቱ ባለቤት መጡ። ጠና ያሉ፣ ቀሚሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሴት ናቸው። ስማቸውን ለመጻፍ አጎነበሱ። ጣታቸው ወደ ላይ ወጣና አንድ መስመር ላይ ቆመ።

በምሳ ሰዓት ሴትዮዋ ጥበቃዎች የምንበላበት ጥግ መጣች። ቁጭ አላለችም።

"ታውቂ ነበር አይደል?"

"ምኑን?"

"አታድርቂኝ። ስንት ሐሙስ ዳብሰሽዋል?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ በጆሮው 'አውቃታለሁ፣ ትለፍ' ማለት ምን ይከብዳል? አፍ የለሽም?"

ምን ልበላት? የለኝም ልበላት?

ከዚያ ነገረችኝ። ልጇ የሚጥል ሕመም አለባት። መድኃኒቱን አላቋረጠችም፣ ጠበሉን ጨመረችበት እንጂ። ባሏ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ የሚልከው አንዳንዴ ነው፤ መድኃኒቱ የሚገዛው በስፌት ደመወዟ ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ደግሞ "እስከ ቅዳሜ ላስብበት" ብለዋታል። እሳቸው ሲያስቡ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፣ ባለፈው ዓመት ያሰቡባት ልጅ አሁን የለችም።

"አሁን አስተካክዪው" አለችኝ። "'ጠበሉ የሌላ ሰው ነበር፣ መስመር ስቼ ነው የጻፍኩት' በያቸው። ያምኑሻል። አንቺን የማያምን ማን አለ?"

የከበደኝም እሱ ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ቃሉ መታመን አለበት። ዛሬ ያለውን የለም ካልኩ፣ ነገ "ምንም የለም" ስል ማን ተማምኖ ይገባል?

"መዋሸት አልችልም" አልኳት።

ከዚያ ሹራቧን ገለጥ አድርጋ ከወገቧ ረጅም የልብስ ሰፊ መቀስ መዘዘች። ጨርቅ የሚቆርጥ፣ ከክንዴ የማያንስ።

"መልካም። ይኼንንስ የት ጻፍሽው?"

ደነገጥኩ።

"ማታ ቤቴ የምሰፋበት ነው። ቦርሳ ውስጥ ቢገኝ ይጻፋል ብዬ ፈርቼ ወገቤ ላይ ሻጥኩት። ትናንትም ዛሬም በፊትሽ አለፍኩ። ውሃዬን ያዛችሁ፣ መቀሴን አሳለፋችሁ። ጎበዞች!"

ትታኝ ሄደች። እኔ ምሳዬን አልበላሁም። እንዴት እንዳለፈ አሰብኩ። ከጠረጴዛው ወዲህ ወዲያ ስል፣ ዕቃ ስገለብጥ፣ መዝገብ ስሞላ፣ የሰው ወገብ መዳበስ ትቻለሁ። እጄ ብዕር ይዞ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን በር አልፌው አላውቅም። አሥር አለቃው ውስጥ ነበር። የወንበሩን ጀርባ ይዤ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ መዝገቡ ይቅር። ፍተሻውም በጨርቅ ይከለል።"

ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፣ አልጮኸብኝም። "የኔ እህት፣ ሰው እየፈራ ነው። ቢፈነዳ ማን ይጠየቃል? እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ የሰው ሕይወት ይበልጣል ወይስ የሰው ገመና?"

"ሕይወት ይበልጣል።"

"ታዲያ?"

"መቀስ አሳልፌያለሁ" አልኩ። "ረጅም መቀስ። ሁለት ቀን።"

አሥር አለቃው ከወንበሩ ተነሳ። "ማን ነው ያሳለፈው?"

"እኔ ነኝ። ስጽፍ ነበር። ደግሞም ሰው እንዳይጻፍበት ብሎ ዕቃውን ከቦርሳ አውጥቶ ገላው ላይ መደበቅ ጀምሯል። የሚያፍርበትን ለመደበቅ ጥግ የሚፈልግ ሰው ሲበዛ፣ የሚገድል የያዘውም እዚያው ጥግ ውስጥ አብሮ ይደበቃል። ጨርቅ ቢከለልልኝ፣ እንደማላወራ ቢያውቁ፣ ራሳቸው አውጥተው ያሳዩኛል። በፊት ያሳዩኝ ነበር።"

በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ይኼን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

"መቀሱን የያዘችው ማናት?" አለ አሥር አለቃው።

"ለሥራዋ ነው የያዘችው። ስሟን አልናገርም።"

"ትናገሪያለሽ እንጂ!"

"አልናገርም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መፈለግ የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ተያዩ። የምባረር መሰለኝ፣ እናቴን ምን እንደምላት ማሰብ ጀመርኩ። አሥር አለቃው ግን ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። "ልጅቷ ያለችው እውነት ነው" አለ። "እኔም ትናንት ጠርሙስ ይዤ ስጨቃጨቅ ከኋላዬ ስንት ሰው እንደገባ አላውቅም። ያቺ አሮጊትም የተጎዱት በፈንጂ አይደለም፣ በእኛው ጩኸት ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ግማሹን ተቀበለኝ። የሴቶቹ በኩል ይከለላል። ጠርሙስ የያዘ ሰው መቅመስ ካልፈለገ ቁጥር ተቀብሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሲወጣ ይወስዳል። መዝገቡ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ የሚጻፍበትም እውነተኛ መሣሪያ ሲገኝ ብቻ ነው። የወንዶቹን ሰልፍ ግን አልነካም አለ። የተጻፈውን ገጽ ቅደዱት ስለውም "መዝገብ አይቀደድም" አለኝ። ለእኔ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ስሜን በታይፕ ተጽፎ ያየሁት ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ነው። አንብቤ ፈረምኩ። ትክክል ነበር፣ መቀስ አሳልፌያለሁ።

ይኼ ሁሉ ግን ለሴትዮዋ ምንም አልጠቀማትም። አሠሪዋ አንዴ አንብበዋል። ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ ሳትመጣ፣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ብቻቸውን ነበሩ፣ ጨርቅ እየለኩ። "ተባረኪ፣ ምን ፈለግሽ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ መዝገቡ ላይ ስላነበቡት ነገር ነው። የተጻፈው ለፈንጂ ተብሎ ነው። ፈንጂ ካልሆነ የማንም ጉዳይ አይደለም። መጻፍ አልነበረብኝም።"

"የጻፍሽው ውሸት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እንግዲያውስ።" ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። "ልጄ፣ እኔን የከፋኝ ጠበሉ አይደለም። ደበቀችኝ። በየጠዋቱ እዚህ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን።"

"አልዋሸችዎትም። ዝም ነው ያለችው።"

"ዝም ማለትም መዋሸት ነው።"

ያን ጊዜ ቀና አልኩና ዓይናቸውን አየሁ። ከአፌ የወጣው ያሰብኩት አልነበረም።

"እርስዎንም በየቀኑ እፈትሻለሁ።"

እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። በእሳቸው ላይ እጄ የሚያውቀውን ነገር እዚህ አልጽፈውም። ሕመም ይሁን፣ ጌጥ ይሁን፣ ምን ይሁን አልልም። ሰው እንዲያውቅባቸው የማይፈልጉት ነገር ነው፣ ከዚህ በላይ ለማንም አያስፈልግም።

"ምን ማለትሽ ነው?" ድምፃቸው ወረደ። "ልታስፈራሪኝ ነው የመጣሽው?"

እንደዚያ ሊሰማ እንደሚችል ገባኝ። ሮጬ መውጣት አማረኝ። አልወጣሁም።

"አይደለም፣ እትዬ። ቢገድሉኝም አልናገርም። እሷን ቢያባርሯትም አልናገርም፣ ዛሬም፣ ነገም፣ ከዚህ ሥራ ብወጣም። ይኼን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ለእርስዎ የጠበቅሁልዎትን ለእሷ አልጠበቅሁላትም። ያጠፋሁት እሱን ነው።"

በመስኮቱ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ልጇን ምኗን ነው የሚያማት?" አሉኝ።

"እሷን ይጠይቋት" አልኩ። "እሱም የእኔ አይደለም።"

"ወይ አንቺ!" አሉ፣ ሳቅም ንዴትም በሚመስል ድምፅ። "አፍ የላትም ያሉኝን ሰዎች ባገኘሁ! ሂጂ፣ በርሽን ጠብቂ።"

ሴትዮዋ ያን ዕለት ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ እስከ ምሳ አልወረደችም። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ስትወርድ ዓይኗ ቀልቷል። በአጠገቤ ስታልፍ "ሰኞ እገባለሁ" አለችኝ፣ ያችን ብቻ። እስከ ዛሬም ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። ሰላምታዋ አጭር ነው። አልፈርድባትም።

መጋረጃው ሰኞ ተሰቀለ። ሰማያዊ፣ ርካሽ ጨርቅ ነው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ስለሚያነሳው ጫፉ ላይ ድንጋይ ቋጠርኩበት። አሁን ማንንም ሳልዳብስ አላሳልፍም። "ኧረ ጨረስሽኝ እኮ፣ ልታገቢኝ ነው?" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ጠጣር ነገር በነካሁ ቁጥር ምን እንደሆነ እስካውቅ ድረስ ደጋግሜ እዳብሳለሁ። ሁለት ጊዜ ስለት አግኝቼ ጮኼ ተናግሬያለሁ፣ ሁለቱም ተጽፈዋል፣ መጻፍም ነበረባቸው። ሴቶቹ ደግሞ ሳልጠይቃቸው "ይኸውልሽ፣ ይኼ እንዲህ ነው" እያሉ ማሳየት ጀምረዋል።

ያን ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የስፌት ቤቱ ባለቤት መጥተው ከመጋረጃው ገቡ። በቶሎ እንዳላሳልፋቸው ክንዳቸውን ራሳቸው ዘርግተው ቆሙ።

"እንደ ሌላው ሰው ፈትሺኝ" አሉኝ።

ፈተሽኳቸው። ብብት፣ ጡት ሥር፣ ወገብ ዙሪያ፣ አንድም ቦታ ሳልዘል። ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

"ምን አለ?" አለ አሥር አለቃው ከውጭ።

"የሚያሰጋ የለም!" አልኩ፣ እስከ ሰልፉ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ። "ይለፉ!"